አሮጌ ሞተር ሲበላሽ፦ ከዋጋው በፊት ብልሽቱ ይታወቅ

የቆየ መኪና ያለውን ሰው ኪስ የሚያራቁተው ብዙ ጊዜ ትልቅ ብልሽት አይደለም። ያልተረጋገጠ ብልሽት ነው። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ለውጥ የለም። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ይቀየራል፣ ያው ነው። የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል። በስተመጨረሻ ችግሩ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሆኖ ይገኛል። ቱቦው ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነበር። የተቀየሩት ዕቃዎች ግን አይመለሱም፤ የእጅ ዋጋውም ተከፍሏል።

ይህን ኪሳራ የሚያስቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ ዕቃ መበላሸቱ በምን ታወቀ?» ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩን ለመፈተን አይደለም። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ ጥያቄውን አይጠላውም፤ ለክቶ ያገኘውን ይነግራችኋል። «ብዙ ጊዜ እንዲህ ሲሆን እሱ ነው» ከተባላችሁ ግን ነገሩ ገና ግምት ነው። ግምት በራሱ ክፋት የለውም፤ ምርመራ ሁሉ የሚጀምረው ከግምት ነው። ገንዘብ መውጣት ያለበት ግን ግምቱ ከተፈተነ በኋላ ነው።

ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት አየር፣ ነዳጅ፣ የካንዴላ እሳትና ኮምፕሬሽን ይፈልጋል። ኮምፕሬሽን ማለት ፒስተኑ በሲሊንደሩ (በሚመላለስበት ቱቦ መሳይ ክፍል) ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩንና ነዳጁን የሚያምቅበት ግፊት ነው። አራቱም ሰዓታቸውን ጠብቀው መምጣት አለባቸው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ በኃይል ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። ኮምፕሬሽኑ የደከመ የናፍጣ ሞተር ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚለው ለዚህ ነው።

ለባለመኪናው ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ዋጋውን ለሁለት ስለሚከፍለው ነው። የአየር፣ የነዳጅና የእሳት ብልሽት አብዛኛው ከሞተሩ ውጭ ነው። ቱቦ፣ ሴንሰር፣ ፊልትሮ፣ ነዳጅ የሚረጭ ኖዝል፣ ሽቦ የመሳሰሉት ሞተር ሳይፈታ ይቀየራሉ። ኮምፕሬሽን ሲጠፋ ግን ችግሩ ውስጥ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ መውረድ አለበት፤ አንዳንዴም ሞተሩ ራሱ ከመኪናው ይወጣል። የሁለቱ ዋጋ ሰማይና ምድር ነው። ስለዚህ ምርመራው ከሁሉ በፊት ይህን መመለስ አለበት።

ሞተሩ ጭራሽ አልነሳ ካለ ከባትሪው ጀምሩ። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ በአብዛኞቹ የቆዩ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት፤ ካልታየ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ የሚያዞረው ችንጋ ወይም ሽቦው ይታይ። አዲስ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻ) ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪው ጫፎች ተጠርገው ይጥበቁ። ይህ ምንም አያስወጣም።

ጭሱ፣ ድምፁ፣ ዘይቱ

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት እናንተው ያያችሁት ነገር ትልቅ ዋጋ አለው። ችግሩ የሚመጣው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ቆሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? ነዳጅ ሲሰጠው ይብሳል ወይስ ይሻለዋል? ጻፉት። «መኪናዬ ድምፅ አለው» ብሎ የሚመጣ ሰው አለ። «ጠዋት ሲነሳ ብቻ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ ከላይ በኩል ይንጣጣል» የሚልም አለ። ሁለተኛው ሰው ግማሹን ምርመራ ራሱ ሠርቶ መጥቷል።

ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የውጭ ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጭሱ የሚወጣበት ሰዓት ነው። መኪናው ቆይቶ ሲነሳ ቡፍ ብሎ ወጥቶ ከጠፋ፣ በቫልቮቹ (አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያስወጡት በሮች) ዘንግ ላይ ያሉት ትንንሽ የዘይት መከላከያ ጎማዎች ደርቀው ይሆናል። ነዳጅ ስትሰጡት ሳያቋርጥ ከወጣ ደግሞ ፒስተኑን የከበቡት ፋሻዎች (ቀለበቶች) ይጠረጠራሉ። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ከሆነ ቱርቦው ራሱ ዘይት ሊያሳልፍ ይችላል። ሦስቱም «ሰማያዊ ጭስ» ይባላሉ፤ የጥገና ዋጋቸው ግን በጣም ይራራቃል። ነጭ ጭስስ? በብርድ ጠዋት የሚታየው እንፋሎት ጤናማ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ሞቆም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ግን የራዲያተር ፈሳሽ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ እንደሆነ ያመለክታል።

ድምፅን በጽሑፍ ማስረዳት ከባድ ነው፤ ቢሆንም አንድ ልዩነት ማወቅ ይበቃል። ከላይ በኩል የሚሰማ ቀጭንና ፈጣን ጣ ጣ ጣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት ወይም የዘይት ማነስ ነው። ከታች የሚመጣ ወፍራም፣ ሞተሩ ላይ ጭነት ሲበዛ የሚጨምር ምት ግን ያስፈራል። የቢየላው (ፒስተኑን ከዋናው የሞተር ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚኒ፣ ማለትም ዘንጉ ላይ የሚያርፍበት ስስ ሽፋን፣ አልቆ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ የእያንዳንዱን ሲሊንደር እሳት ተራ በተራ ለአፍታ ሲያጠፋ ድምፁ በአንዱ ላይ ከቀነሰ፣ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ይህ ፈተና ዕቃ አያስገዛም። እንዲህ ያለ ድምፅ የሚያሰማ መኪና መነዳት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። እየነዳችሁ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ጥግ ያዙና ሞተሩን አጥፉ። «ጋራዥ ቅርብ ነው፣ ላድርሰው» አትበሉ። ዘይት ያጣ ብሮንዚኒ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ ዋናውን የሞተር ዘንግም ይዞት ይሄዳል። ምክንያቱ የተበላሸ የግፊት ሴንሰር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ግን ግፊቱን በጌጅ የለካ ሰው ነው።

ዘይት መብላትስ? አሮጌ ሞተር ትንሽ ዘይት ቢበላ ወዲያው ይፈታ አይባልም። አንዳንድ አምራቾች በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር፣ እንዲያውም እስከ 1 ሊትር ድረስ የሚፈቀድ አድርገው ይቆጥሩታል። ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። ከዚያ በዓመት የምትጨምሩት ዘይት የሚያወጣውን ከሞተር እድሳት ዋጋ ጋር አስተያዩት። በእኔ እምነት መጠኑ እስካልባሰ ድረስ ዘይት እየጨመሩ መንዳት ለብዙ ሰው ያዋጣል። መለኪያውን በየጊዜው ማውጣት ግን ግዴታ ይሆናል።

ውሃ የሚጨርስ መኪና

ውሃ የሚጨርስ መኪና ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትሰሙት «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» የሚል ነው። ጓርኒሲዮኑ በሞተሩ ብሎክና በቴስታታው መካከል ተኝቶ ጋዙን፣ ዘይቱንና ውሃውን ለየብቻ የሚይዝ ስስ ነገር ነው። በእርግጥ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ውሃ በሌላ መንገድም ይጠፋል። ቱቦ ያንጠባጥባል። የውሃ ፓምፕ ያለቅሳል። ራዲያተር ይሰነጠቃል። የራዲያተር ክዳን እንኳ ግፊት መያዝ ሊያቅተው ይችላል። ክዳኑ ተራ ዕቃ ይመስላል፤ ግን ፈሳሹን በብዙ መኪኖች ወደ 1 ባር በሚጠጋ ተጨማሪ ግፊት ስር የሚይዘው እሱ ነው። ግፊቱ ከሌለ ፈሳሹ ቶሎ ይፈላል። የፈሳሹን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቴርሞስታትም አለ። በአብዛኛው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መከፈት ይጀምራል፤ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ ይግላል።

ስለዚህ ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ማስረጃ ይኑር። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞ ግፊት ይሰጣል። መርፌው ከወረደ የሆነ ቦታ ይፈስሳል፤ ውጭ ከሆነ ጠብታው ይታያል። ውጭ ጠብታ ከሌለ ወደ ውስጥ ይፈለጋል። ለዚህ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው ትንሽ መሣሪያ አለ። ሞተሩ እየሠራ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ከሆነ በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ምክንያት ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሁለቱም ፈተናዎች አጭር ጊዜ ነው የሚወስዱት። ቴስታታ ማውረድ ግን የቀናት ሥራ ሊሆን ይችላል።

በዘይት መሙያው ክዳን ስር የሚታየው ወተት መሳይ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይደለም። አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ፣ በደንብ በማይሞቅ ሞተር ውስጥ ከአየር እርጥበትም ይፈጠራል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ፣ ውሃውም እየጎደለ ከሆነ ያኔ ነገሩ ከባድ ነው። ሌላም ልጨምር፦ የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አትክፈቱ። በግፊት የተያዘው ፈሳሽ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ጓርኒሲዮኑ መሆኑ ከተረጋገጠስ? ጓርኒሲዮኑ ራሱ ርካሽ ነው። የምትከፍሉት ለሰዓቱ ነው። ከዚህም ሌላ የወረደው ቴስታታ ቀጥ ማለቱ በማስመሪያና በስስ መለኪያ መታየት አለበት። በብዙ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ ካለፈ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ይስተካከላል። ስንጥቅ እንዳለውም ይፈተሻል። በብዙ ሞተሮች ላይ የቴስታታው ብሎኖች ሲጠብቁ ስለሚሳቡ በአዲስ መተካት አለባቸው። ሁለት ጋራዦች ሁለት ዋጋ ከነገሯችሁ እነዚህ ነገሮች በየትኛው ውስጥ እንዳሉ ጠይቁ። ርካሹ የረከሰው ቴስታታው ሳይለካ ተመልሶ ስለሚገጠም ሊሆን ይችላል። በተጣመመ ቴስታታ ስር የገባ አዲስ ጓርኒሲዮን ደግሞ አይበረክትም፤ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ።

ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ፍርድ አይደለም

በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ፣ አዲስ መኪኖች አንድ ወጥ የምርመራ መሰኪያ እንዲኖራቸው ተደንግጓል። 16 ፒን ያለው መሰኪያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ይገኛል። ርካሽ ማንበቢያ ገዝቶ ከስልክ ጋር ማገናኘት ይቻላል። የቆየ መኪና ላለው ሰው ጥሩ ግዢ ነው።

ማንበቢያው የሚያሳየው የብልሽት ኮድ ግን ጩኸቱን የሰማ ምስክር ነው እንጂ ሌባውን ያየ አይደለም። ፒ0420ን ውሰዱ። ኮዱ የሚለው ካታሊስቱ (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ከሚጠበቀው በታች እየሠራ መሆኑን ነው። ካታሊስት ደግሞ ከመኪናው ውድ ዕቃዎች አንዱ ነው። ነገር ግን የጭስ ቱቦው ላይ ያለ ቀዳዳ ወይም የደከመ የኦክስጅን ሴንሰር ያንኑ ኮድ ሊያመጣ ይችላል። ካታሊስቱ በእርግጥ ሞቶ ከሆነም ምን ገደለው የሚለው ይቀራል። ሞተሩ ዘይት እየበላ ወይም እሳት እየዘለለ (አንዳንዴ ሳይቀጣጠል እያለፈ) ከነበረ አዲሱንም ይገድለዋል።

ፒ0171 በአየሩ መጠን ነዳጁ አንሷል ይላል። ምክንያቱ የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰርም ሊሆን ይችላል። ወይም መግቢያ ላይ ተሰንጥቆ ያልተለካ አየር የሚያስገባ ቱቦ። አሮጌ መኪና ላይ ጎማና ፕላስቲክ ስለሚደርቅ እኔ ብሆን ከቱቦዎቹ እጀምራለሁ። ወደ መግቢያው ጭስ የሚነፋ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ስንጥቁን ቶሎ ያገኘዋል።

በጣም የምወደው ፈተና የፒ0301 ነው። አንደኛው ሲሊንደር እሳት እየዘለለ ነው ማለት ነው። በየሲሊንደሩ ቦቢና ያለው ሞተር ከሆነ የአንደኛውን ቦቢና ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ አንደኛው አዛውሩ። ኮዱን አጥፍታችሁ ንዱት። አሁን ፒ0303 ከመጣ ጥፋቱ ቦቢናው ጋ ነው። ኮዱ እዚያው አንደኛው ላይ ከቀረ ቦቢናው ነፃ ነው፤ ካንዴላውንም በዚሁ መንገድ ፈትኑት። ሁለቱም ነፃ ከወጡ ኖዝልና ኮምፕሬሽን ይቀራሉ። አንድም ዕቃ ሳይገዛ እዚህ ተደረሰ።

የሞተር መብራቱ በርቶ ከቆመ ቀስ ብሎ ጋራዥ መሄድ ይቻላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታሊስቱ ውስጥ ገብቶ እየነደደ ሊያበላሸው ይችላል፤ ነዳጅ ሰጥታችሁ አትሩጡ፣ ቶሎ አቁሙ። ማንም ኮዱን ሳይጽፈው እንዳያጠፋውም አደራ። ብዙ መኪኖች ከኮዱ ጋር ሙቀቱን፣ ፍጥነቱንና የሞተሩን ዙር በዚያች ቅጽበት መዝግበው ያስቀምጣሉ። ሲጠፋ ያም አብሮ ይጠፋል።

ኮምፕሬሽን መለካት

«ሞተሩ አልቋል» ከተባላችሁ ይህ ሳይደረግ እሺ አትበሉ። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ ነዳጅና እሳቱ ይቋረጣል፣ ጌጅ ይገጠማል፣ በሞተሪኖ ይዞራል። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥር ይጻፋል። በጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 13 ባር ይገኛል፤ የናፍጣው ከዚህ በጣም ይበልጣል። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ አለ። ከቁጥሩ ትልቅነት በላይ ግን የሲሊንደሮቹ መቀራረብ ይናገራል። 12፣ 12፣ 11.5፣ 12 ካያችሁ ሞተሩ አላለቀም። 12፣ 12፣ 5፣ 12 ከሆነ ሦስተኛው ውስጥ ችግር አለ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

የወደቀው የቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ደግሞ ሌላ መረጃ ይሰጣል። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ዘይቱ የፋሻዎቹን ክፍተት ሸፍኗል፤ ፋሻ ነው። ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ከዚህም በላይ እርግጠኛ መሆን ከተፈለገ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር አስገብቶ የት እንደሚያመልጥ ማዳመጥ ነው። በጭስ ቱቦው ከተሰማ የማስወጫ ቫልቭ ነው። በአየር መግቢያው ከሆነ የማስገቢያው። በዘይት መሙያው በኩል ብዙ ከነፋ ፋሻ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ከተንተከተከ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። ቫልቭ ከሆነ ቴስታታውን ብቻ አውርዶ መሥራት ይቻላል፤ ፋሻ ከሆነ እስከ ታች መፈታት አለበት። የዋጋው ትልቁ ክፍፍል እዚህ ነው።

ዋጋውን ማንበብ

የተነገራችሁን ዋጋ ዕቃና እጅ ብላችሁ ክፈሉት። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚከብደው እጁ ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ አንዴ ከተከፈተ እዚያው ያለውን ያረጀ ርካሽ ዕቃ አብሮ መቀየር ብልህነት ነው። ታይሚንግ ቤልት (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በሰዓቱ የሚያስኬደው ቀበቶ) ሲቀየር፣ ቤልቱ የሚያዞረው ከሆነ የውሃ ፓምፑም አብሮ ይቀየር። ሞተር ለብቻው ከወጣ የኋላው የዘይት ማኅተምና ያረጀ ፍሪሲዮን ይታዩ። ከተከፈተው ቦታ ጋር የማይገናኝ ነገር «እግረ መንገዱን» ከተባለ ግን ለሌላ ቀን ይቆይ።

ስለ ታይሚንግ ቤልት አንድ ነገር ልበል። በብዙ ሞተሮች ላይ ቤልቱ ከተበጠሰ ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል፤ የቤልት ዋጋ የቴስታታ ዋጋ ይሆናል። ብዙ አምራቾች 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ወይም በተወሰነ ዓመት ይቀየር ይላሉ። ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ፣ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት።

ምርመራውንና ጥገናውን ለየብቻ አስከፍሉ። ለምርመራ ሰዓት መክፈል የሚከፋው ሰው አለ፤ እኔ ግን ከሁሉም የተሻለው ወጪ ይመስለኛል። ሞተር ሳይከፈት የማይታወቅ ነገር ስለሚኖር ዝቅተኛውንና የከፋውን ዋጋ ሁለቱንም ጠይቁ። «ከዚህ ካለፈ ሳትነግረኝ እንዳትቀጥል» ብላችሁ ወሰኑ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም ተቀበሉ።

ይሠራ ወይስ ይቅር?

«ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ አታሠራው» ይባላል። በዚህ አባባል አልስማማም። መኪናውን ስትተዉ የሚያስፈልጋችሁ የዋጋው ግማሽ አይደለም፤ ሌላ መኪና ነው። ያ ሌላ መኪና ደግሞ የራሱ ያልታወቀ ሞተር አለው። ስለዚህ ማነፃፀር ያለባችሁ ይህን ነው። በአንድ በኩል የዛሬው ጥገናና በሚቀጥለው አንድ ዓመት የሚጠብቃችሁ ሌላ ሥራ፣ እንደ ካምቢዮ፣ ጎማና ፍሬን ያለው፣ ተደምሮ ይቀመጥ። በሌላ በኩል በዚያው ገንዘብ ላይ የተበላሸው መኪና ሽያጭ ተጨምሮ ምን ዓይነት መኪና ሊገዛ እንደሚችል ይታይ። ባለፈው ዓመት ያወጣችሁት ገንዘብ በየትኛውም በኩል አይገባም፤ ብታሠሩትም ብትሸጡትም አይመለስም።

ቦዲው ጤነኛ፣ ካምቢዮው ደህና፣ ታሪኩ የታወቀ መኪና ከሆነ ቴስታታ ማሠራት አያሳሳኝም። የተሸከመው ሻሲ በዝገት ከተበላ ግን አዲስ ሞተር ቢገባለትም አይረባም። ያገለገለ ሞተር ለመግጠም ካሰባችሁ ከመገጠሙ በፊት ኮምፕሬሽኑ ይለካ። ገና ውጭ እያለ ቤልቱና ማኅተሞቹ ይቀየሩ፤ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ያው ሥራ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ዋስትናው ሞተሩን ብቻ ነው ወይስ ማውጫና መግጠሚያውንም ይጨምራል? ይህን ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

መሸጥ ከመረጣችሁ ደግሞ የተለካው ነገር የተጻፈበትን ወረቀት ለገዢው አሳዩት። ብልሽቱን የማያውቅ ገዢ የከፋውን አስቦ ነው ዋጋ የሚሰጠው። ሦስተኛው ሲሊንደር 5 ባር መሆኑን፣ አየሩም በማስወጫው ቫልቭ በኩል እንደሚያመልጥ ያየ ሰው ግን የአንድ ቴስታታ ሥራ ቀንሶ መደራደር ይችላል።